ክንድ ከየት ይመጣል? ስለ ቤዝቦል ወርዋሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምዳችን በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሰባት ደብዳቤዎችን መርጠናል። ሁሉም የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ክለቦች ኳስ ወርዋሪዎቻቸውን ከየት እንደሚያመጡ የሚጠይቁ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በአሜሪካ ዶላር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ቤዝቦል መከታተል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቀድሞ የማውቀው እግር ኳስ ነውና፣ ሀብታም ክለብ ምርጡን ግብ ጠባቂ ገዝቶ ለዓመታት ሲገላገል አይቻለሁ። የቤዝቦል ክለቦች ግን በየዓመቱ ወርዋሪ ሲመርጡ፣ ሲለዋወጡና ሲገዙ ነው የማያቸው። ገንዘብ ያለው ክለብ ምርጦቹን ገዝቶ ለምን አያርፍም? ከሦስቱ መንገዶችስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ልዩነቱ ያለው ባነሱት ንጽጽር ውስጥ ስለሆነ ከግብ ጠባቂው እንነሳ። ግብ ጠባቂ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሊሰለፍ ይችላል፤ ጨዋታ የሚከፍት ወርዋሪ ግን ወደ መቶ የሚጠጉ ኳሶችን በሙሉ ኃይሉ ከወረወረ በኋላ አራት ወይም አምስት ቀን ማረፍ አለበት። አንድ ክለብ በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታዎች ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ክፍለ ጨዋታ፣ ስላለው በዓመት ወደ 1,450 ኢኒንግ ገደማ የሚሸፍኑ ክንዶች ያስፈልጉታል። በ2024 የውድድር ዘመን ከሠላሳዎቹ ክለቦች ወርዋሪዎች ሁሉ 200 ኢኒንግ የሞሉት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ብርቱ፣ ጤነኛና ውድ የተባለው ወርዋሪ እንኳ ከክለቡ ሸክም አንድ ሰባተኛውን ቢያነሳ ነው። የቀረውን ሌሎች ሊያነሱት ይገባል፤ ለዚህም ነው ከ26ቱ ቋሚ ተጫዋቾች መካከል እስከ 13 የሚደርሱት ወርዋሪዎች የሚሆኑት፦ አምስት ያህሉ ጨዋታ ይከፍታሉ፣ የተቀሩት ከእነርሱ በኋላ እየገቡ ይተካሉ።

ሁለተኛው ነገር ክንድ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሆኑ ነው። የሰው ክርን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በየአምስት ቀኑ እንዲወረውር ሆኖ አልተፈጠረም፤ ጅማቱ ይበጠሳል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የዶጀርሱን ወርዋሪ የቶሚ ጆንን ክርን ከሌላኛው ክንዱ በወሰዱት ጅማት ጠገኑት፤ ሰውየው በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በስሙ ይጠራል፤ የሚደረግለት ወርዋሪም ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ይርቃል። አንድ ክለብ በመጋቢት አምስት ድንቅ ጨዋታ ከፋቾች ይዞ ጀምሮ በመስከረም ሁለቱ ብቻ ሊቀሩት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሦስቱ መንገዶች ስንመጣ፣ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የ1990ዎቹ አትላንታ ብሬቭስ ይመስለኛል። ሦስቱ ታላላቅ ወርዋሪዎቹ በሦስት የተለያዩ በሮች ገብተዋል። ቶም ግላቪን በ1984 በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በሁለተኛው ዙር ተመረጠ። ጆን ስሞልዝ በ1987 በልውውጥ ከዲትሮይት ታይገርስ መጣ። ግሬግ ማደክስ ደግሞ ከቺካጎ ከብስ ጋር የነበረው ውል አልቆ ነፃ ተጫዋች ከሆነ በኋላ በታኅሣሥ 1992 ለአምስት ዓመት በ28 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ክለቡ በ1995 የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር፣ ባለ ድል ሆነ፤ ሦስቱም ሰዎች ዛሬ በኩፐርስታውን የክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ያንኑ ሥዕል ከሦስት ዐሥርታት በኋላ እንደገና አይተነዋል። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ2024 ወርዋሪዎቹ በጉዳት አልቀውበት በጥቅምቱ ፍልሚያ የቀሩት ዋና ጨዋታ ከፋቾች ሦስት ነበሩ፦ ዎከር ቢውለር ከ2015ቱ ድራፍት፣ ጃክ ፍላሄርቲ በሐምሌ ከተደረገ ልውውጥ፣ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ከነፃው ገበያ። ሻምፒዮን የሆኑትም በእነዚሁ ነው።

ስለዚህ “የትኛው ይሻላል” ለሚለው አጭር መልስ የለኝም። በድራፍት የሚከፈለው ጊዜ ነው፤ በልውውጥ የሚከፈለው የሌላ ወጣት የነገ ዕጣ ነው፤ በነፃው ገበያ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ከሦስቱ በእጁ የሚተርፈውን የሚያውቅ ክለብ መንገዱንም ያውቃል። ሦስቱም የሚተርፉት ክለብ እኔ አላየሁም።

ጥያቄ፦ በድራፍት የመጀመሪያው ምርጫ የደረሰው ክለብ ያን የመሰለ ዕድል በወርዋሪ ላይ ማዋሉ ብልህነት ነው ወይስ ቁማር? ወንድሜ “ቁማር ነው” ባይ ነው፤ እኔ ግን የፒትስበርጉን ወርዋሪ ፖል ስኪንስን እያየሁ አልተቀበልኩትም።

መልስ፦ ወንድምዎ ታሪክ ያግዛቸዋል፤ እርስዎን ደግሞ የቅርብ ዓመታት ያግዙዎታል። ሥርዓቱን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ለማስረዳት፣ ድራፍት ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ምርጫ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎችና የኮሌጅ ተጫዋቾች ይቀርቡበታል። ደካማው ክለብ ቀድሞ እንዲመርጥ የተሠራ ነው፤ ክለቦች ሆን ብለው እየተሸነፉ ተራ እንዳይሻሙ ግን ከ2023ቱ ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። የዙሩ ብዛት አሁን 20 ነው።

የሚያስገርመው ነገር፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ ቀኝ እጅ ወርዋሪ አንድም ጊዜ ቀዳሚ ሆኖ አልተመረጠም። ግራ እጆች ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል፤ ሦስቱም ያሳዝናሉ። ዴቪድ ክላይድ በሰኔ 1973 በቴክሳስ ሬንጀርስ ተመርጦ ወር ሳይሞላው፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ታች ባለው ሊግ ሳይገራ ወደ ሜጀር ሊግ ሜዳ ተወረወረ፤ ክለቡ ስታዲየም የሚሞላለት ሰው ቸግሮት ነበርና። ክንዱ ተጎዳ፤ በጠቅላላው ያሸነፈው 18 ጨዋታ ነው። ብሪያን ቴይለር በ1991 በያንኪስ ተመርጦ በጠብ መካከል ትከሻው ተጎድቶ ሜጀር ሊግን ሳያይ ቀረ። ብሬዲ ኤይክን በ2014 ተመርጦ በክንዱ ጤንነት ላይ በተነሳ ክርክር ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ሳይፈርም ቀረ፤ እርሱም ሜጀር ሊግ አልደረሰም። አስትሮስ ግን በካሳ መልክ ባገኘው የቀጣዩ ዓመት ተራ አሌክስ ብሬግማንን መረጠ። ብሬግማን ወርዋሪ አይደለም፤ ክለቡም በዚያ ኪሣራ አተረፈ።

የኮሌጅ ወርዋሪዎች ነገር ይለያል፤ በሃያና በሃያ አንድ ዓመታቸው ሰውነታቸው ጸንቷል፣ ጠንካራ መቺዎችንም ፈትነዋል። ስቲፈን ስትራስበርግ በ2009፣ ጌሪት ኮል በ2011፣ ፖል ስኪንስ በ2023 ቀዳሚ ሆነው የተመረጡት ከኮሌጅ ነው። ስኪንስ ለፊርማው ከፒትስበርግ ፓይሬትስ 9.2 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ፤ ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 2024 ሜጀር ሊግ ገባ፤ በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2025 ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ፓይሬትስ እንደ ዶጀርስ የሚረጭ ገንዘብ የለውም። እንዲህ ያለ ክለብ እንዲህ ያለ ክንድ በሌላ በየትኛውም መንገድ ሊያገኝ አይችልም፤ ቁማር ቢሆን እንኳ ሊጫወተው የሚገባው ቁማር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። ጄኮብ ዲግሮም በ2010 የተመረጠው በዘጠነኛው ዙር፣ 272ኛ ሆኖ ነው፤ በኮሌጅ አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በወርዋሪነት ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ሆኖ ነበር። ሁለት ሳይ ያንግ አለው። ታሪክ ስኩባልም በ2018 በዘጠነኛው ዙር በዲትሮይት ተመርጦ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ያንኑ ሽልማት ወስዷል። ሼን ቢበር በ2016 በአራተኛው ዙር በክሊቭላንድ ተመርጦ በ2020 በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። ቀዳሚ ተራ ያለው ክለብ ሁሉም የሚያውቀውን ይወስዳል፤ የመልማዮች ዓይን የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም የአንድን ክለብ ድራፍት ስመዝን መጀመሪያ የማየው አምስተኛውንና ዘጠነኛውን ዙር ነው።

ጥያቄ፦ በቅርጫት ኳስ ክለቦች የድራፍት ተራቸውን ሲሸጡና ሲለውጡ እሰማለሁ። በቤዝቦል ይህ ለምን አይታይም?

መልስ፦ ደንቡ ስለሚከለክል ነው። ለአነስተኛ ገበያ ክለቦች በማካካሻ ከሚሰጡ ጥቂት ተራዎች በቀር፣ የቤዝቦል ክለብ የመምረጫ ተራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይችልም። ስለዚህ የልውውጡ ገንዘብ ተራው ሳይሆን ተመርጦ የፈረመው ወጣት ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ የምደግፈው ክለብ ባለፈው ሐምሌ ዋና ወርዋሪውን ለማላውቃቸው ልጆች ለወጠው። ተናድጃለሁ። በወርቅ ፋንታ ተስፋ መቀበል ምን ይሉታል?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም ወርቁ የስንት ወር ወርቅ እንደነበር መጀመሪያ ይጠይቁ። አንድ ተጫዋች በሜጀር ሊግ ስድስት ሙሉ ዓመት ካገለገለ በኋላ ውሉ ሲያልቅ ነፃ ይወጣል። የክለብዎ ወርዋሪ በጥቅምት ነፃ የሚወጣ ከሆነና ክለቡም ወደ ማጣሪያው የመግባት ተስፋ ከሌለው፣ በእጁ የነበረው የሁለት ወር ውርወራ ብቻ ነው። ከሐምሌ መጨረሻ የጊዜ ገደብ በኋላ ደግሞ በዛሬው ደንብ ልውውጥ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ያ ወርቅ ወደ አመድ ይለወጣል።

ወደዚህ ክርክር ሁልጊዜ የሚጠራው የስሞልዝ ልውውጥ ነው። በነሐሴ 1987 ዲትሮይት ለዲቪዚዮን፣ ማለትም ለሊጉ ምድብ፣ አንደኝነት እየታገለ ሳለ የ36 ዓመቱን ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ወሰደ፤ በምትኩ የሰጠው ገና በታችኛው ሊግ የሚንገታገት የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ በኋላ 213 ጨዋታ አሸንፎ፣ 154 ጨዋታ ዘግቶ፣ ማለትም በመጨረሻ ገብቶ የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ፣ የክብር አዳራሽ የገባው ጆን ስሞልዝ ነው። በዚህም የተነሳ የዲትሮይት ሰዎች ለአርባ ዓመት ያህል “የተሞኙ” ተብለው ሲነሱ ኖረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አሌክሳንደር በቀሩት ሳምንታት ዘጠኝ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ ዲትሮይት ዲቪዚዮኑን የወሰደው በመጨረሻው ቀን፣ በሁለት ጨዋታ ብልጫ ነው። ያለ አሌክሳንደር ያ ሰንደቅ አይሰቀልም ነበር። የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር፤ ግን የገዙትን ዕቃ አግኝተዋል። በማጣሪያው ሚኒሶታ ላይ መሸነፋቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሻጩ ወገን ሆነን ስናየው፣ ትልቁ ጥበብ በሌላው ክለብ ውስጥ ገና ያልበራውን ክንድ ለይቶ መጠየቅ ነው። በሐምሌ 2010 ሦስት ክለቦች ባደረጉት ልውውጥ ክሊቭላንድ አንጋፋውን ጄክ ዌስትብሩክን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ ከሳን ዲዬጎ እምብዛም ሰው የማያውቀውን ኮሪ ክሉበርን ተቀበለ፤ ክሉበር በ2014 እና በ2017 ሳይ ያንግ አሸነፈ። ቺካጎ ከብስ ይህን እንደ ሥርዓት ያዘው። በቲዮ ኤፕስታይን አመራር ከ2012 እስከ 2015 በመጀመሪያ ተራው በተከታታይ የመረጠው መቺዎችን ብቻ ነበር፤ መቺ እንደ ወርዋሪ ቶሎ አይሰበርምና። ክንዱን ከውጭ አመጣ፦ ካይል ሄንድሪክስን በ2012 ከቴክሳስ፣ ጄክ አሪዬታን በ2013 ከባልቲሞር በልውውጥ፣ ጆን ሌስተርን በስድስት ዓመት የ155 ሚሊዮን ዶላር ውል ከነፃው ገበያ። አሪዬታ በባልቲሞር ሳለ ወደ ታችኛው ሊግ የተመለሰ ሰው ነበር፤ በ2015 ሳይ ያንግ ወሰደ። ከብስ ከ1908 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ በ2016 ሲያነሳ ከአምስቱ ጨዋታ ከፋቾች ራሱ በድራፍት የመረጠው አንድም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ግን ከብስ ራሱ ገዢ ሆኖ ነበር። በሐምሌ 2016 ጨዋታ ዘጊውን አሮልዲስ ቻፕማንን ከያንኪስ ለማግኘት ግሌይበር ቶሬስ የተባለውን ተስፈኛ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ሰጠ። ቻፕማን ጥቂት ወራት ወርውሮ፣ ዋንጫውን አንስቶ፣ በታኅሣሥ እዚያው ወደ ያንኪስ ተመለሰ። ያንኪስ ሁለቱንም ያዘ፤ ከብስ ደግሞ 108 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ያዘ። ከሁለቱ ማን እንደተሞኘ እንዲፈርዱ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ወርዋሪ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል እንዴት ይታሰባል? ይህ ነፃ ገበያ የሚባለው ነገርስ መቼና እንዴት ተጀመረ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ገበያውን የከፈቱት ራሳቸው ወርዋሪዎች ናቸውና። ቀድሞ በእያንዳንዱ ውል ውስጥ ክለቡ ውሉን ለአንድ ዓመት እንዲያድስ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበር፤ ክለቦችም ይህ አንቀጽ ራሱን እያደሰ ለዘለዓለም ይቀጥላል ብለው ይተረጉሙት ስለነበር ተጫዋቹ እስኪሸጥ ወይም እስኪሰናበት ድረስ የክለቡ ንብረት ሆኖ ይኖር ነበር። የሴንት ሉዊሱ ከርት ፍለድ በ1969 ወደ ፊላደልፊያ መለወጡን እምቢ ብሎ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1972 ተፈረደበት። ካትፊሽ ሀንተር የተባለው የኦክላንድ ወርዋሪ በ1974 ክለቡ የውሉን ቃል ባለመፈጸሙ በግልግል ዳኝነት ነፃ ተባለና በዓመቱ መጨረሻ ቀን ለያንኪስ ፈረመ፤ ያን ጊዜ ክለቦቹ ለሱ ያደረጉት ሽሚያ የአንድ ክንድ እውነተኛ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለተጫዋቾች ሁሉ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ፣ ሁለቱም ወርዋሪዎች፣ ያለ ፊርማ አንድ ዓመት ቆይተው ጉዳዩን አቀረቡ፤ ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትዝ በታኅሣሥ 1975 አንቀጹ የሚያስረው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ሲሉ ወሰኑ። የስድስት ዓመቱ ደንብ ከዚያ በኋላ በተደረገው ድርድር የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረው ሜጀር ሊግ ከገቡ በኋላ ስለሆነ፣ አብዛኛው ወርዋሪ ወደ ገበያ የሚወጣው ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ እምብዛም አይርቅም፤ በ2025 ይህ 760,000 ዶላር ነበር። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ዓመት በግልግል ዳኝነት እየተደገፈ ያድጋል። ነፃው ገበያ ላይ ሲደርስ ክለቡ የሚከፍለው ሰውየው እስካሁን በሠራው ልክ ነው፤ የሚቀበለው ግን ከዚህ በኋላ የሚሠራውን ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው።

ጌሪት ኮል ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ያሳያል። ያንኪስ በ2008 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ በመጀመሪያው ዙር መርጦት ነበር፤ እርሱ ግን ኮሌጅ መረጠ። በ2011 ፒትስበርግ መረጠው፤ በጥር 2018 ወደ ሂዩስተን ተለወጠ፤ በ2019 ለሂዩስተን 326 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ፣ አስወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ያንኪስ በዘጠኝ ዓመት 324 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በድራፍት ያመለጠውን ክንድ ከ11 ዓመት በኋላ በገበያ ገዛው ማለት ነው። ኮል በ2023 በሙሉ ድምፅ ሳይ ያንግ አሸነፈ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የክርን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓመቱ አመለጠው። ውሉ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም? ሁለቱም እውነት ነው፤ ይህን ያህል ረጅም የወርዋሪ ውል ደግሞ እንዲህ ያለ ዓመት እንደሚኖረው ክለቡ ገና ሲፈርም ያውቀዋል።

የከፋም አለ። ስትራስበርግ በ2019 የወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ወዲያው ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ከፈተ። ዲግሮም በታኅሣሥ 2022 ለቴክሳስ ሬንጀርስ በአምስት ዓመት 185 ሚሊዮን ፈርሞ በ2023 ስድስት ጨዋታ እንደከፈተ ክርኑ ተበጠሰ። ሬንጀርስ ግን በዚያው ዓመት የወርልድ ሲሪስ ባለ ድል ሆነ፤ ክፍተቱን የሞሉት በሐምሌ በልውውጥ የመጡት ጆርዳን ሞንትጎመሪና ማክስ ሸርዘር፣ እንዲሁም በ34 ሚሊዮን ብቻ የፈረመው ኔተን ኢቫልዲ ነበሩ። ዲግሮም ራሱ በ2025 ጤናው ተመልሶለት 30 ጨዋታ ከፍቷል።

ያማሞቶ ለየት ያለ ጉዳይ ነው፤ በእኔ ግምት ለገዢው የተሻለውም እሱ ነው። ዶጀርስ በታኅሣሥ 2023 የ12 ዓመት የ325 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሰጠው፣ በሜጀር ሊግ አንድም ኳስ አልወረወረም ነበር፤ ለጃፓኑ ክለቡ ለኦሪክስ ደግሞ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ተከፍሏል። ብዙዎች እብደት አሉት። ነገር ግን ዕድሜው 25 ብቻ ነበር፤ ከጃፓን የሚመጣ ሰው የአሜሪካውን ስድስት ዓመት መጠበቅ ስለሌለበት ክለቡ የገዛው የወርዋሪን ምርጥ ዓመታት ነው። በ2025ቱ የወርልድ ሲሪስ ቶሮንቶ ላይ ሁለተኛውን፣ ስድስተኛውንና በማግስቱ ከተቀያሪ ቦታ ገብቶ ሰባተኛውን ጨዋታ አሸንፎ የውድድሩ ምርጥ ተባለ። ይህን ዓይነት ግዢ ሁሉም ክለብ ይደፍረዋል እንዳይባል ደግሞ በ2025 ከ241 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠቅላላ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ሁሉ ግብር ይከፍል እንደነበር ያስታውሱ፤ ዶጀርስ ያን ግብር እንደ ማንኛውም ወጪ ቆጥሮ ይከፍላል፤ አብዛኛው ክለብ ግን ወደ ጣሪያው ሲጠጋ እጁን ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ከሦስቱ መንገዶች ውጭ አራተኛ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም አራተኛና አምስተኛ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከፖርቶ ሪኮ ውጭ ያሉ ወጣቶች ድራፍት አይመለከታቸውም፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ በቀጥታ ይፈርማሉ። የያንኪሱ ማሪያኖ ሪቬራ በ1990 ከፓናማ ሲፈርም የተሰጠው ገንዘብ 5,000 ዶላር እንኳ አልሞላም፤ 652 ጨዋታ ዘግቶ በ2019 በሙሉ ድምፅ ወደ ክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌላው በየታኅሣሡ የሚካሄደው “ሩል ፋይቭ” የተባለው ምርጫ ነው፤ አንድ ክለብ ወጣቱን በ40 ሰዎች መዝገቡ ውስጥ ካላስገባ ሌላው ሊወስደው ይችላል፤ ወሳጁ ግን ዓመቱን ሙሉ በሜጀር ሊግ ማቆየት አለበት። ጆሃን ሳንታና በ1999 ከሂዩስተን በዚህ መንገድ ወጥቶ ሚኒሶታ ደረሰ፤ በ2004 እና በ2006 ሳይ ያንግ አሸነፈ። እንዲህ ያለው ዕድል በብዙ ዓመት አንዴ ስለሚገጥም፣ በእሱ ላይ ተስፋ ጥሎ የወርዋሪ ቡድን የሚገነባ ክለብ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ ልውውጥ መልካም መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ስንት ጊዜ መጠበቅ አለብኝ? ጓደኞቼ ውጤቱን በማግስቱ ይሰጣሉ።

መልስ፦ እኔም በማግስቱ ስሰጥ ነበር፤ አፍሬበታለሁ። በሐምሌ 2018 ታምፓ ቤይ ሬይስ ክሪስ አርቸርን ለፒትስበርግ ሲሰጥ “ፒትስበርግ ጨከነ፣ ታምፓ ሸሸ” ብዬ ነበር። በምትኩ የመጡት ኦስቲን ሜዶውስ፣ ታይለር ግላስናውና ሼን ባዝ ነበሩ። ሜዶውስ በቀጣዩ ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ፤ ግላስናው የ2020ውን ወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ ከፈተ፤ አርቸር ግን በፒትስበርግ ደክሞ፣ 2020ን በቀዶ ሕክምና አሳልፎ ተለቀቀ።

ስንት ጊዜ ልጠብቅ ላሉት፣ ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ልከተልልዎት። አርቸር ራሱ ወደ ታምፓ የመጣው በጥር 2011 ማት ጋርዛ የተባለው ወርዋሪ ለቺካጎ ከብስ ሲሰጥ ነው። ጋርዛ በ2008 ክለቡን ወደ መጀመሪያው ወርልድ ሲሪስ ያደረሰውን የሊግ ፍልሚያ በምርጥ ተጫዋችነት ያጠናቀቀ፣ በ2010 በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያውን ምንም ምት ያልተመታበት ጨዋታ የወረወረ ሰው ነው። እርሱ ደግሞ በኅዳር 2007 ከሚኒሶታ የመጣው በዴልሞን ያንግ ምትክ ነበር። ወደ ፊትም ይቀጥላል፦ ግላስናው ውሉ ሊያልቅ ሲል በታኅሣሥ 2023 ለዶጀርስ ተሰጠ፤ በምትኩ ራያን ፔፒዮ የሚባል ወጣት ወርዋሪ መጣ፤ በ2024 እና በ2025 የታምፓን ጨዋታዎች ሲከፍት የነበረው እሱ ነው። ከሰንሰለቱ ሁሉ ታምፓ በድራፍት የመረጠው አንድ ሰው ብቻ፣ የ2003 ቀዳሚ ምርጫ የሆነው ያንግ ነበር፤ ያንግ ደግሞ የሜዳ ዳር ተጫዋች እንጂ ወርዋሪ አልነበረም።